ገበናው የማን ነው?

«ድህነታችንን ለፈረንጅ አናሳይ!» ይህች አባባል ሰሞኑን በግቢያችን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ስትዞር ሰንብታለች። በፊልም ውይይት ላይ ተነሣች፤ ሻይ ቤት ተደገመች፤ ማደሪያ ክፍል ስትደርስ ተጨበጨበላት። ባለቤቶቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አገራቸውን ይወዳሉ። «ዓለም የሚያውቀን በረሃብ ነው፤ ታዲያ እኛም ካሜራ በያዝን ቁጥር መልሰን ረሃብን ልናሳይ? ኧረ በቃ!» ነው የሚሉት። ሁለተኛው ወገን ይነሣና «ጥበብ ለራሷ ለጥበብ ናት፤ ማኅበራዊ ችግር የእርዳታ ድርጅት ሥራ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሦስተኛው፣ ነገር አዋቂ ነኝ ባዩ፣ «መጀመሪያ ቴክኒካችን ይስተካከል፤ ካሜራው፣ መብራቱ፣ ድምፁ ይሟላልንና ስለ ድሀው ያኔ እናወራለን» ይላል። ሦስቱ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው፤ ካሜራ አማኑኤል ሰፈር እንዳይገባ።

ይህ ጽሑፍ ለሦስቱም መልስ ነው። በመንገዴ ላይ የገዛ ወገኔን፣ ማለትም «ሕዝባዊ ሲኒማ» እያለ የሚፎክረውንም ሳልነካ አላልፍም። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልም ልደት በፈረንጅ መዝገብ ሰፍሯልና ምን ይደረግ!)

እስቲ በመጀመሪያ «ገበና» የሚለውን ቃል እንመርምረው። ገበና ሰው በጓዳው የሚሸሽገው፣ በሩን ዘግቶ የሚያለቅስበት ነገር ነው። አሁን አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ተራ ተነሥታችሁ ወደ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አቅኑ። ኩንታል በማጅራቱ የተሸከመ ጎልማሳ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ያልፋችኋል። እሱ ምን ደበቀ? ሸክሙን የሚሸከመው በጠራራ ፀሐይ፣ በሺህ ሰው መካከል ነው። ጉሊት የዘረጋችው እናትስ ምን ደበቀች? ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ቆልላለች፤ ችግሯም አጠገቡ ተሰጥቷል። ሊስትሮው፣ ቆራሌው፣ ላስቲክ ለቃሚዋ፣ አጥር ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቀው በሽተኛ፣ ማንኛቸውም የሸሸጉት ነገር የለም። መሸሸግ የያዘው ሌላ ነው። ኩንታሉ ተራግፎ ሲሸጥ ስንት እንደሚያተርፍ የሚያውቀው ሰውዬ ነው በሩን የሚዘጋው። ስለዚህ የድሀው ድህነት የድሀው ገበና አይደለም። «ገበናችን» ሲባል በዚያ «ችን» ውስጥ ማን አለ፣ ማን የለም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በዚህች ቃል የተነሣ በአገራችን ሰው አልቋል።

በ1973 በወሎ ረሃብ ገብቶ ሰው ይረግፍ ነበር። ባለሥልጣኑ ያውቃል፤ ግን የአገር ስም እንዳይጠፋ ዝም ተባለ። ገበና ነዋ! በዚያ ዓመት የራሳችን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹም በግቢው ለተማሪው ታዩ። ይህን ደጋግሜ የማነሣው የግቢያችን ልጆች «ድህነትን ማሳየት የፈረንጅ ሥራ ነው» ሲሉ ስለሚገርመኝ ነው። ቀጥሎ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከነካሜራ ባለሙያው ገባ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ርዕሱም «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ርዕሱን ልብ በል። ያልታወቀው ለማን ነው? ለተራበው ነው?

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዚያን ዘመን ሰዎች ሁሉ ይናገሩታል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ቆርጦና ቀጥሎ፣ መሃል መሃሉ ላይ የቤተ መንግሥት ድግስ እያስገባ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር። በአንድ በኩል አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን፣ በሌላ በኩል ሥጋ የሚቀርብለት የቤተ መንግሥት ውሻ። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

በአገራችን ታሪክ ከዚህ የበለጠ ሥራ የሠራ ፊልም የለም። ከዚህ የበለጠ ከባለቤቱ የተነጠቀ ፊልምም የለም። አንሺው እንግሊዛዊ፣ ቆራጩ ወታደር። የወሎ ገበሬ በመጀመሪያው ቅጂ የሚታዘንለት ሆነ፤ በሁለተኛው ቅጂ ደግሞ ማስረጃ ሆነ። ተናጋሪ ሆኖ ግን አያውቅም። ውጤቱን ለማየት አሥር ዓመት ብቻ መጠበቅ በቂ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው ደርግ አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በሰልፍና በመብራት ሲያከብር፣ ሰሜን እንደገና ይራብ ነበርና በተራው እሱም ገበናውን ሸሸገ። በጥቅምት ሌላ ካሜራ መጣ፤ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ኮረም ገቡ። ዓለምም እስከ ዛሬ በዚያ ሥዕል ያውቀናል።

እንግዲህ «ዓለም በረሃብ ያውቀናል» የሚሉት ወንድሞቼ እውነታቸውን ነው። ግን ለምን ሆነ? እኛ አሳይተን ነው ወይስ ደብቀን? ባለቤቱ ያላነሣውን ሥዕል እንግዳ ያነሣዋል። እንግዳው ደግሞ የሚያየው የቆመበትን ያህል ነው።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ወደ ብራዚል። ብራዚልን የመረጥኩት ድርቅ፣ ባላባትና ስደተኛ ገበሬ ያላት አገር ስለሆነች፣ ሦስቱንም የግቢያችንን ክርክሮች ከእኛ በፊት ተከራክራ ስለጨረሰች ነው።

«መጀመሪያ ቴክኒክ» ለሚለው ወንድሜ፦ ብራዚሎች በ1949 ሳን ፓውሎ ላይ ቬራ ክሩዝ የሚባል ትልቅ የፊልም ፋብሪካ አቋቋሙ። ከአውሮፓ ባለሙያ አስመጡ፤ መብራቱ፣ ካሜራው፣ ድምፁ ሁሉ ሆሊውድን እንዲያህል ተደረገ። በ1953 «ሽፍታው» የሚለው ፊልማቸው ካን ላይ ተሸለመ፣ በብዙ አገር ታየ። ታዲያስ? የማከፋፈያው መብት በአሜሪካዊው ኮሎምቢያ ኩባንያ እጅ ነበርና ገንዘቡ እዚያው ቀረ። ፋብሪካው በ1954 ከሰረ። ቴክኒኩ ሞልቶ ነበር፤ ያልነበረው ቴክኒኩን የሚያዝዝ የራስ ጉዳይና የራስ ገበያ ነው።

በ1955 ኔልሰን ፔሬይራ ዶስ ሳንቶስ የሚባል ወጣት በጥቂት ገንዘብ «ሪዮ 40 ዲግሪ»ን ሠራ። ከድሀ ሰፈር ወጥተው በከተማው ኦቾሎኒ የሚሸጡ ልጆችን ይከተላል። የኛን ማስቲካና ሶፍት አዟሪዎች አስቡ። የፖሊሱ አዛዥ ፊልሙን ከለከለው። ከምክንያቶቹ አንዱን ስትሰሙ ትስቃላችሁ፤ የሪዮ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ አያውቅም አለ! ይህ የፖሊስ አዛዥ ዛሬ በየውይይቱ አብሮን ይቀመጣል። እሱም የሚከራከረው ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ቴርሞሜትሩ ነው።

ይኸው ኔልሰን በ1963 የግራሲሊያኖ ራሞስን ልብ ወለድ ይዞ «የደረቀ ኑሮ»ን አወጣ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት ውሻ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በድርቅ ምድር ይሰደዳሉ። ብርሃኑ ሳይለዝብ እንዳለ ፊት ላይ ይወርዳል፤ ተመልካቹ ራሱ ዓይኑን ይጨፍናል። ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል፤ የበሬ ጋሪ እንጨት ሲንሲጠጥ ብቻ ይሰማል። ይህ ፊልም በ1964 ካን ሲታይ አንድ ነገር ተከሰተ። ውሻይቱ በፊልሙ ውስጥ ትሞታለችና ከተመልካቹ መካከል «እውነት ገደላችኋት እንዴ?» ብለው የተቆጡ ተነሡ። ሠሪዎቹ መልስ አጥተው ውሻይቱን በአውሮፕላን ከብራዚል ካን ድረስ አስመጧት፤ ይኸው አለች ለማለት። ስለ ሁለቱ ልጆች ጤና የጠየቀ መኖሩን ግን አልሰማሁም። የኛው የ1967 ዓ.ም. ፊልም ውሻ ሥጋ ይበላል፤ የብራዚሏ ውሻ አውሮፕላን ትሳፈራለች። ገበሬው በሁለቱም ፊልም በእግሩ ነው።

ግላውበር ሮሻ በ1965 የጻፈው «የረሃብ ውበት» የሚለው ማኒፌስቶ ከዚህ ንዴት የተወለደ ነው። በራሴ አባባል ልቀንጭበው፦ የላቲን አሜሪካ ረሃብ ለአውሮፓዊው እንግዳ የሆነ ትርኢት ነው፤ ለራሱ ለአገሬው ምሁር ደግሞ ኀፍረት ነው። አንዱ ያጣጥመዋል፣ ሌላው ይሸፍነዋል፤ ረሃቡን ግን ሁለቱም አይረዱትም። ስለዚህ ረሃብን የሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ራሱም የተራበ ፊልም እንሥራ፤ ድህነታችን የሥራችን ሕግ ይሁን እንጂ ሰበብ አይሁን። እንግዲህ «ጥበብ ለጥበብ» የሚለው ወዳጄ ይህን ሰው አንብቦ ይምጣ። በሮሻ ዘንድ ማኅበራዊው ጉዳይ ከጥበቡ ውጭ የተለጠፈ ስብከት አይደለም፤ የካሜራውን እንቅስቃሴና የድምፁን ሻካራነት የሚወስነው እሱ ነው።

ብራዚል የሚያስመሰግን ብቻ ታሪክ የላትም። ሰፊው ሕዝብ ተሰልፎ የሚገባው ሻንሻዳ ወደሚባሉት የዘፈንና የሳቅ ፊልሞች ነበር። የሮሻና የጓደኞቹን ሥራ በብዛት ያየው ተማሪውና የአውሮፓ ፌስቲቫል ነው። እነሆ የኛም ወገን እዚህ ላይ ጆሮውን ይስጥ።

የኛን መንገድ ደግሞ እንይ። ሲኒማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲገባ መጀመሪያ ያየው ቤተ መንግሥት ነው። ሕዝቡ የማሳያውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ብዙዎች በዚህ ስም ይስቃሉ፤ እኔ ግን ሕዝቡ «ይህ ነገር የኔ አይደለም» ማለቱ ይመስለኛል። ጣሊያን በ1936 ሲገባ ከተማዋን በቀለም ከፈላት፤ አራዳ ለነጩ፣ ለ«አገሬው» ደግሞ ወደ ምዕራብ የተለየ ገበያ። መርካቶ የምንለው ስም ራሱ የዚያ ክፍፍል ቅሪት ነው። ፋሺስቱ ሄደ፤ ስሙ ቀረ፤ ክፍፍሉስ? ለመርካቶ ሰው ቅርቡ ሲኒማ ራስ ነበር፤ ኋላ ራስ ቴአትር የሆነው። ለብዙ ዘመን በከተማችን ሲኒማ ቤቶች የታየው የአሜሪካ ካውቦይና የህንድ ፊልም ነው። እናቶቻችን ህንድኛ ሳያውቁ የሚያለቅሱት ለምን ይመስላችኋል? አራጣ አበዳሪውን ያውቁታላ! ልብሱ ይለያል እንጂ ሰውየው ያው ነው።

የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ወጣ። ኢላላ ኢብሳ ጻፈው፤ ላምብሮስ ጆካሪስ የሚባል ግሪካዊ አዘጋጀው። ርዕሱን ብቻ ውሰዱ። የአገራችን ሲኒማ አፉን የፈታው በጥያቄ ነው፣ ያውም ጨዋ ቤት በማይነሣ ጥያቄ። በ1966 ዓ.ም. የሚሸል ፓፓታኪስ «ጉማ» የደምን ዕዳ፣ የበቀልን ሰንሰለት አነሣ። ስለዚህ «ማኅበራዊ ጉዳይ በኋላ የመጣ የፈረንጅ ፌስቲቫል ትእዛዝ ነው» የሚለው ክስ ውሸት ነው። የኛ ፊልም ከጥንስሱ ማኅበራዊ ነው።

በዚያው ዘመን አንድ የጎንደር ልጅ ሎስ አንጀለስ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ይማር ነበር፤ ኃይሌ ገሪማ። በዚያ የነበሩ ጥቁር ተማሪዎች የላቲን አሜሪካን ፊልሞች እያዩ ይከራከሩ ነበርና የብራዚሉ ክርክር በዚህ በኩል ወደኛ ሰው ደረሰ። ኃይሌ በ1974 ወደ አገሩ መጥቶ፣ ሁሉ ነገር በሚናጥበት ሰዓት፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አነሣ። ተዋንያኑ ባለሙያዎች አይደሉም፣ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጥቶ ነበር፤ ይህ ፊልም ያን መፈክር ወስዶ ወደ ጉልበትና ወደ ላብ መለሰው። ሞፈር ሲጫን፣ እርሻ ሲታረስ፣ ውሃ ሲቀዳ ካሜራው አይቸኩልም። ባላባቱ ኮትና ባርኔጣውን አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ስንፍናውን ለማሳየት ሌላ ንግግር አላስፈለገም፤ ወንበሩ ይበቃል።

ግን እኔ የማልረሳው ከበበን ነው። መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው «እብድ» የሚለው፣ ያሻውን የሚናገር ከበበን። በፊልሙ ውስጥ እውነቱን በሙሉ አፉ የሚናገረው እሱ ነው፤ በመጨረሻ ባላባቱ ላይ ዱላ የሚያነሣውም እሱ ነው። አሁን ወደ አማኑኤል እንመለስ። የአገራችን ቀደምት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እዚያ ሰፈር ስለሆነ፣ እኛ የአዲስ አበባ ልጆች የቦታውን ስም ስድብ አድርገነዋል። «አማኑኤል ግባ!» እንላለን፤ «ይሄስ ከአማኑኤል አምልጦ ነው» እንላለን። አንድ ሙሉ ሰፈር፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ተማሪው፣ ሸማኔው በዚህ ስድብ ውስጥ ይኖራል። የኛ ኮሜዲ ፊልሞችስ እብድን ምን አደረጉት? ልብሱን ቀደው፣ ፀጉሩን አንጨፍርረው ለሳቅ አቀረቡት። ኃይሌ እብዱን ምስክር አደረገው፤ እኛ ምስክሩን እብድ አደረግነው። በአማኑኤል የሚታከም ወንድም ያለው ሰው እነዚያን ፊልሞች ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ሲያይ ወዴት እንደሚመለከት አስባችሁ ታውቃላችሁ?

የትምህርቱንም ነገር ላንሣ። ተሾመ ገብርኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ በዚያው በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ሲያስተምር ኖሮ በ2010 አረፈ። በ1982 ስለ ሦስተኛው ሲኒማ ያሳተመው መጽሐፍ የሦስተኛውን ዓለም ፊልም በሚያጠኑ ዘንድ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። ብራዚሉን፣ ኩባውን፣ ሴኔጋሉን አጥንቶ፣ ፊልም ለነፃነት እንዴት እንደሚሠራ የጻፈው የኛው ሰው ነው። በዚህ ግቢ ስሙን የሚያውቁ ስንት ናቸው? ጥራዝ ነጠቁ ሁሉ የፈረንጅ ሐያሲ ስም ሲደረድር ይውላል።

ይሁንና «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 በአውሮፓ ፌስቲቫሎች ታይቶ ሲደነቅ፣ የሱ ባለቤት የሆነው ገበሬ ግን አላየውም። «ጤዛ»ም በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ ዋናውን ሽልማት አገኘ፤ እዚህ በከተማችን ሲኒማ ታየ፤ ከዚያስ? አማኑኤል ድረስ ሂዱና ጠይቁ። የኔ ወገን ሁልጊዜ ስለ ሕዝብ ይሠራል፤ ለሕዝብ ማድረሱን ግን የሌላ ሰው ሥራ ያደርገዋል።

በደርግ ዘመን በ1978 የፊልም ማእከል፣ በ1986 የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ብዙው ሥራ ለመንግሥት ጥሩንባ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ሠለጠነበት፣ መሣሪያ ገባበት። የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» በ1992 በ35 ሚሊሜትር የደረሰው በዚያ ጥሪት ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ ግን ኮርፖሬሽኑ ፈረሰ። ብራዚልም በ1969 ያቋቋመችውን ኤምብራፊልሜ በ1990 ፕሬዚዳንት ኮሎር በአንድ እስክሪብቶ ዘጋው፤ የአገሪቱ የፊልም ምርት ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እነሱ ግን ጮኹ፣ ሕግ አስወጡ፣ መልሰው ተነሡ። እኛ የፊልም ኮርፖሬሽናችን ሲፈርስ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥንም።

ከ2000 በኋላ ቪዲዮና ዲጂታል መጣና የግል ሠሪዎች ተነሡ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀይ ስህተት» በ2006 ቀይ ሽብርን ወደ ሲኒማ አዳራሽ አስገባ። በአገር ልጅ ተሠርቶ፣ በአማርኛ፣ ሰው ተሰልፎ ቲኬት ገዝቶ ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ቀጥሎ የፍቅርና የሳቅ ፊልም ጎርፍ መጣ። እኔ እነዚህን አልንቅም። ሰው ደክሞት ውሎ መሳቅ መብቱ ነው፤ ሻንሻዳን የናቁት ብራዚሎች ተመልካች አጥተው ቀርተዋል። የምጠላው ሌላ ነገር ነው። የብዙዎቹ ታሪክ ሰፊ ሳሎን ያለው ቪላ ውስጥ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ዘበኛውና ሠራተኛዋ የሚገቡት ለማሳቅ ነው፤ አነጋገራቸው ይዘበትበታል፤ ሻይ አቅርበው ይወጣሉ። ካሜራው ግን ተከትሏቸው አይወጣም! ሠራተኛዋ ማታ የት ነው የምትሄደው? ወንድሟ ማነው? እሁድ ምን ትለብሳለች? ቃና በ2016 የቱርክን ቪላ በአማርኛ ይዞልን ሲመጣ ተመልካቹ ለምን ጥሎን ሄደ ብሎ ማልቀስ ምን ይረባል? ቪላ ከሆነ የቱርኩ ይበልጣል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የፌስቲቫሉ መንገድ አለ። ያሬድ ዘለቀ በ2015 «ላምብ»ን ይዞ የካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ መግባቱ የመጀመሪያችን ነው፤ ደስ ብሎኛል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ፤ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ሰጠችው። ጉዳዩ ጠለፋ ነው፤ በ1996 በእውነት የደረሰ። ፊልሙ በሴፕቴምበር 2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ያለችው ማን ነበረች? በልጅነቷ የተጠለፈችው እውነተኛዋ ባለታሪክ! ኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። የፊልሙን በጎ ዓላማ አልክድም፣ ስንቱን ዓይን ከፍቷል። ነገር ግን ጥያቄው ካን ላይ ስለ ውሻይቱ ከተነሣው የተሻለ ነበር፦ ስለ እኔ ስትሠሩ እኔ የት ነበርኩ? ብራዚላዊቷ ሐያሲ ኢቫና ቤንቴስ በ2002 «የእግዚአብሔር ከተማ» የሚለው የሪዮ ድሀ ሰፈር ፊልም ዓለምን ሲያስጨበጭብ፣ ከረሃብ ውበት ወደ ረሃብ መኳኳል ወረድን ብላ ተቆጥታ ነበር። ድህነትን መደበቅና ድህነትን መኳል አንድ ወላጅ አላቸው።

ስለዚህ የኔ ክርክር «ድህነትን አሳዩ» አይደለም። «የድህነቱ ባለቤት በፊልሙ ሥራና በፊልሙ አዳራሽ ይግባ» ነው። እሱ ከገባ የሚወጣው ፊልም የግድ የለቅሶ አይሆንም። አማኑኤል ውስጥ የሚሳቀውን ሳቅ የቪላው ኮሜዲ አያገኘውም።

«በምን ገንዘብ?» ትላላችሁ። ምናለሽ ተራን ለመጎብኘት ታክሲ አያስፈልግም፤ ከአማኑኤል በእግር ነው። ያለቀ የመኪና ጎማ እዚያ በረባሶ ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል፤ የተጣለ ብረት ማጠፊያ ይሆናል። ማንም «መጀመሪያ ዘመናዊ ፋብሪካ ይምጣልኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሳን ፓውሎም «የቆሻሻ አፍ» የሚባል ሰፈር ነበራት፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወጣቶቹ እዚያ መሽገው በቁርጥራጭ ፊልምና በትንሽ ገንዘብ የሠሯቸው ፊልሞች ዛሬ ይጠናሉ። እነሱ የሰፈሩን ስም ለሲኒማቸው መታወቂያ አደረጉት። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ኃይሌ ባላባቱን ካነሣበት ካሜራ ይልቅ ለመያዝ ይቀልላል፤ ፊልም ማጠቢያ አይፈልግም። ቴክኒክ የጠፋ አይመስለኝም።

ለማየቱም ቢሆን አማኑኤል አዳራሽ አያጣም። የእንግሊዝ ኳስ የሚያሳዩት ቤቶች ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃሉ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ከባለቤቶቹ አንዱን አነጋግሬ ነበር። «ሰው ከመጣ ምን ቸገረኝ፤ ሻይ እሸጣለሁ» አለኝ። ከዚህ የተሻለ የፊልም ፖሊሲ ከየትም አልሰማሁም።

የኛ ክበብ በዚህ ሴሚስተር ሦስት ፊልም ለማሳየት አቅዷል፤ ሦስቱም በግቢው አዳራሽ፣ ለኛው ለራሳችን። ያቀረብኩት ሐሳብ ሦስቱም አማኑኤል ይታዩ የሚል ነው። መጀመሪያ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ ባለመብቱን አስፈቅደን። ቀጥሎ «የደረቀ ኑሮ»፣ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ አንዳችን ቆመን በአማርኛ መናገር እንችላለን። ሦስተኛውን የሰፈሩ ሰው ይምረጥ፤ የህንድ ፊልም ቢመርጥም ይታይ፣ አብረን እናልቅስ። ሸክም የሚያበቃው ሲመሽ ስለሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት መጀመር አይቻልም፤ ለማደሪያችን የበር ሰዓት ከአሁኑ ፈቃድ መጠየቅ አለብን። ከፊልሙ በኋላ እኛ መድረክ ላይ ወጥተን ሐተታ እንዳንሰጥ አደራ። ከኋላ እንቀመጥ። አቡጀዲውን ከመርካቶ እናገኛለን፤ የጎደለን ፕሮጀክተር ነው።